ሞት ሳይቀድም የሚነፋ ጥሩምባ

በተመራቂዎች ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ ሰጥተንሻል፤ የመረጥሽውን ተናገሪ» ብለው ሲደውሉልኝ ስለ ድንገተኛ ሕክምና የማወራ መስሏቸው ነበር። «ስለ ጀልባ ነው የምናገረው» ስላቸው ስልኩ ላይ ትንሽ ዝምታ ሆነ። አልፈርድባቸውም። እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን። «ዋና የሚችል እጁን ያውጣ» ብል ስንት እጅ እንደሚነሣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጎንደር ሳለን ለሽርሽር ጎርጎራ ስንወርድ እንኳ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት ሰብስበን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ አሣችንን በልተን ነበር የምንመለሰው። ውሃን የምናውቀው ከዳር ሆነን ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ ስለ ውሃ ልናገር የፈለግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ከውሃ ስለሚያወጡ በጎ ፈቃደኞች፣ ሥልጠናቸው ምን እንደሚመስል፣ ከዚያም ለአገራችን ሐይቆች ምን ልንወስድ እንደምንችል ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አሁን የምኖረው በደቡብ እንግሊዝ፣ በአንዲት ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። የዕለት እንጀራዬ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ውጪ በከተማችን የሕይወት አድን ጀልባ ጣቢያ በበጎ ፈቃድ የሕክምና አማካሪ ነኝ። ሥራዬ የጀልባውን አባላት ጤንነት መመርመር፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠናቸውን መደገፍ፣ ከከባድ ጥሪ ሲመለሱ ደግሞ ሻይ አፍልቶ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ነው። ደመወዝ የለውም። ለማንም የለውም።

ጣቢያው የሮያል ናሽናል ላይፍቦት ኢንስቲትዩሽን አካል ነው። ይህ ተቋም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1824 ሲሆን፣ ሐሳቡን ያነሡት በማን ደሴት በዳግላስ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሰር ዊሊያም ሂላሪ ናቸው። ከቤታቸው ሆነው መርከብ ሲሰባበርና ሰው ሲያልቅ ማየት አላስችል ብሏቸው ነው የተነሡት። ዛሬ በብሪታኒያና በአየርላንድ ጠረፎች ዙሪያ ከ230 በላይ ጣቢያዎች አሉት። የሚገርመው ነገር የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለመሆኑ ነው። ትልቁ የገቢ ምንጩ ሰዎች በኑዛዜ የሚተዉለት ገንዘብ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው ከልገሳ ይመጣል። በብሪታኒያ የአደጋ ጥሪ የሚቀበለው የመንግሥት ኮስትጋርድ ነው፤ ሰው 999 ደውሎ «ባሕር ላይ ነው» ሲል ኮስትጋርዱ የሚቀርበውን ጣቢያ ይጠይቃል፤ ጀልባውን ይዘው የሚወጡት ግን በአብዛኛው ሌላ ሥራ ያላቸው የሠፈሩ ሰዎች ናቸው።

እነማን መሰሏችሁ? በእኛ ጣቢያ አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንዷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ተቋሙ እንደሚለው፣ አዲስ ከሚገቡት 10 ሰዎች ከባሕር ጋር የተያያዘ ሙያ ያለው 1ዱ ብቻ ነው። ሁሉም ወገባቸው ላይ ፔጀር ያንጠለጥላሉ። ፔጀሩ ሲጮህ እራት ላይ ያለው ማንኪያውን አስቀምጦ፣ የተኛው ከአልጋው ዘሎ፣ ሊጡን የሚያቦካው ሊጡን እንዳለ ትቶ ወደ ወደቡ ይሮጣል። ጀልባዋ በደቂቃዎች ውስጥ ውሃ ላይ ናት።

መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ «ይሄን ነገር የት ነው የማውቀው?» አልኩ። ቆይቼ ትዝ አለኝ፤ ዕድር ነው! የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ የሠፈር ሰው እንዲህ አይደለም እንዴ የሚወጣው? ድንኳን ተካዩ ካስማውን ይዞ፣ ሴቶቹ ድስቱንና ብረት ምጣዱን ይዘው፣ ጎረምሶቹ ወንበር ተሸክመው። ማንም «ስንት ይከፈለኛል?» አይልም፤ እንዲያውም የቀረ ይቀጣል። ሕዝባችን በጎ ፈቃደኝነትን ከማንም መማር አያስፈልገውም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የኛ ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ የነሱ ደግሞ ሰው ከመሞቱ በፊት። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ነገሩ ጨዋታ እንዳልሆነም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 19 ቀን 1981 በኮርንዎል አጠገብ «ዩኒየን ስታር» የተባለች መርከብ ሞተሯ ቆሞ በማዕበል ወደ ዓለት ስትነዳ፣ «ሰለሞን ብራውን» የተባለችው የሕይወት አድን ጀልባ 8 በጎ ፈቃደኞችን ይዛ ወጣች። በመርከቧ ላይ 8 ሰዎች ነበሩ። ከ16ቱ አንድም አልተመለሰም። 8ቱ የጀልባዋ ሰዎች ማውዝል ከምትባል አንዲት ትንሽ መንደር የወጡ ናቸው። ሐዘኑን ገምቱት። በአንድ ቀን ውስጥ ግን ከዚያችው መንደር አዲስ ቡድን ለማቋቋም የሚበቁ ሰዎች ስማቸውን ሰጡ። ይህን ታሪክ የጣቢያችን ሰዎች ብዙም አያወሩትም፤ ሁሉም ግን ያውቁታል።

ይህ የሆነው በድፍረት ብቻ አይደለም። ድፍረት ያለ ሥልጠና ሁለተኛ አስከሬን ማምረት ነው። ተቋሙ ፑል በምትባለው ከተማ ማሠልጠኛ ኮሌጅ አለው። እዚያ ማዕበል የሚሠራበት ትልቅ ገንዳ አለ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ የነጎድጓድ ድምፅ ይለቀቃል፣ ሠልጣኞቹ በጨለማ ውስጥ የተገለበጠ ጀልባ መልሰው ማቅናት ይለማመዳሉ። በየጣቢያውም ልምምዱ በየሳምንቱ ይደጋገማል። ገመድ መወርወር፣ ቋጠሮ፣ ሬዲዮ፣ ሰው ከውሃ ማውጣት፤ እንደ ዳዊት ደጋግሞ ነው።

እኔን እንደ ሐኪም ያስገረመኝ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርታቸው ነው። እኛ የተማርነው «በሽታው ምንድን ነው?» ብለን እንድንጀምር ነው። የነሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ይህ ሰው በጣም ታሟል ወይስ ብዙም አልታመመም?» በቃ። ከዚያ ውሃ የማያበላሸው ካርድ አለ፤ ካርዱ ያዩትን ምልክት ተከትሎ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ በተራ ይነግራቸዋል። ጀልባ እየዘለለ፣ ጨው ውሃ ዓይን ውስጥ እየገባ፣ እጅ ደንዝዞ ማሰብ አይቻልማ! መጀመሪያ ሳየው ቀለል ያለ መስሎኝ ነበር። ሲሠራ ካየሁ ወዲህ ግን ለጤና ኬላዎቻችንም ብዙ የሚያስተምር ነገር እንዳለው አምናለሁ።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሞቃት ቅዳሜ ነበር። አንድ ወጣት ማዕበል ጎትቶት ሲያገኙት አይተነፍስም። ጀልባዋ ላይ እንዳወጡት ዳቦ ጋጋሪው ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ 5 ትንፋሽ ሰጠው፤ ከዚያ ደረቱን መጫን ጀመሩ፤ 30 ጊዜ ተጭነው 2 ትንፋሽ፣ 30 ጊዜ ተጭነው 2 ትንፋሽ። እኔ በጥሪ ወደቡ ላይ ስደርስ ልጁ እያሳለ፣ እያስመለሰው፣ እናቱን እየጠራ ነበር። ለእኔ የቀረልኝ ኦክስጅኑን መቀጠልና አብሮ ሆስፒታል መሄድ ብቻ ነው። ጓደኞቼ፣ በመስጠም አደጋ ላይ ሐኪም ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የሚያድነው ውሃው ዳር ያለው ሰው ነው።

ለምን ትንፋሽ ቀደመ? ሐኪሞቹ ታውቁታላችሁ፤ ለቤተሰቦቻችሁ ስል ግን ልናገረው። ሜዳ ላይ በድንገት የሚወድቅ ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የልብ ነው። የሰጠመ ሰው ልቡ የሚቆመው ግን ኦክስጅን ስላለቀበት ነው። ደሙ ውስጥ ኦክስጅን ሳይኖር ደረት ብንጫን ባዶ ደም ነው የምናዞረው። ስለዚህ የአውሮፓ የትንሣኤ ሕክምና መመሪያ ለሰጠመ ሰው አስቀድሞ 5 ትንፋሽ እንዲሰጥ ያዝዛል። ውሃ ለማስወጣት ብሎ ሆድ መጫን፣ ልጅን በእግሩ ዘቅዝቆ ማራገፍ አይረዳም፤ ጊዜ ይበላል፣ ትውከቱም ወደ ሳንባ ይገባል።

ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር፣ የሚሰጥም ሰው አይጮህም። ለመጮህ አየር ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ያጣው አየሩን ነው። እጁን አያውለበልብም፤ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል እንጂ። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ወላጅ ጀርባውን ባዞረበት ቅጽበት ያለ ድምፅ ይሄዳል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ተረታችን በሕክምናም ትክክል ነው።

በእንግሊዝ ባሕር ላይ ሌላው ገዳይ ብርዱ ነው። ከ15 ዲግሪ በታች የሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ሳይወድ በግዱ ትንፋሹን ይስባል፣ ይቆራረጥበታል፣ ልቡ ይመታል። በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማይክ ቲፕተን ለብዙ ዓመታት ያጠኑት ይህን ነው። ድንጋጤው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ስለዚህ ምክሩ «አትዋኝ፤ ተንሳፈፍ» ነው። በጀርባህ ተኛ፣ ጆሮህን ውሃ ውስጥ ንከር፣ እጅህን ቀስ አድርገህ አንቀሳቅስ፣ ትንፋሽህ ሲረጋጋ እርዳታ ጥራ። ጣና እንዲህ አይቀዘቅዝም። መንሳፈፍ ግን በጣናም በላንጋኖም ያው ነው፤ ጥሩ ዋናተኛ መሆንም አያስፈልገውም።

የጀልባ ደኅንነት ትምህርቱ ደግሞ ቀላል፣ ግን የማይታለፍ ነው። ተንሳፋፊ ጃኬት የሚለበስ እንጂ መቀመጫ ሥር የሚቀመጥ አይደለም። ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ ጃኬት መልበስ መኪና ከተጋጨ በኋላ ቀበቶ እንደ ማሰር ነው። ጥሩው ጃኬት ራሱን የሳተን ሰው እንኳ ፊቱን ወደ ሰማይ ያዞረዋል። ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ነጂው እግሩ ላይ የሚያስረው ማጥፊያ ገመድ አላት፤ እሱ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፤ አለበለዚያ ጀልባዋ ዞራ ራሱን ትቆርጠዋለች። ከመውጣትህ በፊት የአየሩን ሁኔታ እይ፤ ወዴት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ዳር ላይ ለሚቀር ሰው ንገር። ባሕር ላይ ችግር ከገጠመ የሬዲዮው ቻናል 16 ነው፤ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ስምህ፣ ያለህበት ቦታ፣ የሰዎቹ ብዛት።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? የሚል ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከ10 ሟቾች ከ9 በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከ4ቱ 1ዱ ገና 5 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው።

የኛን ውሃ አስቡት። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ምዕመናን ወደ ደሴት ገዳማቱ በጀልባ ይሻገራሉ፤ ዓሣ አስጋሪው በደንገል ታንኳ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጋቢ የለበሰ ዋና የማይችል ሰው ምን ዕድል አለው? ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ ሁሉም በየቀኑ ሰው የሚሠራባቸው ውሃዎች ናቸው። አዲስ አበባም ሐይቅ የላትም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ክረምት ሲገባ ለግንባታ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ይቋጥራሉ፤ ልጆች ሊዋኙ ይገባሉ። ከዚያ የምንሰማው ዜና ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬን ማውጣታቸውን ነው። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን በትጋት ይሠራሉ፤ ግን አያችሁ፣ ይሄም ጥሩምባ የተነፋው ከሞት በኋላ ነው።

የባሕር በር የለንም እንላለን፤ ባሕሩ ግን ልጆቻችንን መውሰዱን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በጅቡቲ ጠረፍ በ15 ቀን ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ስደተኞች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ወገኖቻችን ነበሩ። በኦገስት 2025 ደግሞ በየመን አብያን ጠረፍ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ ተገለበጠች፤ እነሱም በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ አለቁ። የስደቱ ጉዳይ ከዚህ ንግግር በላይ ነው፤ መፍትሔው ጃኬት ብቻ ነው ብዬም አላሳንሰውም። ነገር ግን ስለ ውሃ ምንም የማያውቅ ወጣት የተጨናነቀች ጀልባ ሲያይ «ይህቺ አትሻገርም» ማለትን ከየት ያውቀዋል?

ምን እናድርግ ለሚለው፣ ሕይወት አድን መርከብ እንግዛ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክራቸው 6 እርምጃዎች አንዱ ተራውን ሰው በደኅና ማዳንና ትንፋሽ መስጠት ማሠልጠን ነው፤ ሌላው የጀልባ ደኅንነት ደንብ ማውጣትና ማስከበር ነው። እኔ የምሠራበት ተቋም በባንግላዴሽ ኮክስ ባዛር የባሕር ዳርቻ ከአገሩ የጉዳት መከላከል ማዕከል ጋር ሆኖ የአካባቢው ወጣቶች ሠልጥነው ዋናተኞችን እንዲጠብቁ ረድቷል። ሥራው ያደገው በአገሩ ልጆች እጅ ነው። እኛስ?

ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ ከማኅበራችን ፈቃደኛ የሆኑ 10 ሐኪሞችና ነርሶች ተሰባስበን፣ በአንድ ዳርቻ፣ ለምሳሌ በጎርጎራ፣ ከጀልባ ነጂዎችና ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ተመካክረን የአንድ ቀን ሥልጠና እንስጥ። ውሃውንና ነፋሱን እነሱ ያስተምሩናል፤ ትንፋሹን እኛ እናስተምራቸዋለን። ሁለተኛ፣ ጤና ተቋማት ውስጥ ያላችሁ፣ ሰጥሞ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ «ሰጥሞ» ብላችሁ አትለፉት። የት፣ ከጀልባ ነው ከጉድጓድ፣ ዕድሜው ስንት፣ ማን ምን አደረገለት፣ ጻፉት። ያልተቆጠረ ሞት በጀት አያገኝም። ሦስተኛ፣ በየሐይቁ ዳር ያሉ ዕድሮችን እናነጋግር። ድንኳንና ድስት የሚገዛ ዕድር ገመድና ተንሳፋፊ ጃኬት መግዛት አያቅተውም። ጥሩምባው አለ፤ ነፊውም አለ፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የምናስቀድመው።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አደራ። ሰው ሲሰጥም ያየ ሰው ዘሎ አይግባ። ሊያድን ገብቶ አብሮ የሚቀረው አባት፣ ወንድም፣ ጓደኛ ብዙ ነው፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ወደ ታች ይጫናልና። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ድምፅ አሰማ፤ እንጨት ካለ አቀብል፤ ከሌለ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውር። እንቆቅልሽ አይደለም። ሁላችንም ቤት ያለው ቢጫ ጀሪካን ባዶ ሆኖ ክዳኑ ከተጠበቀ ሰው ያንሳፍፋል። ረጅም ገመድ እጀታው ላይ እሰሩበት፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩበት እንዲወረወር፤ የምሥኪን አገር የሕይወት ማዳኛ ቀለበት ማለት እሱ ነው።

እንግዲህ ሰዓቴን እንዳልሻማ። ወሬ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ ግቢው ውስጥ ሁለት ጀሪካንና ሁለት ገመድ አስቀምጣለሁ፤ 10 ሜትር ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ትንፋሽ ለመለማመጃ አሻንጉሊትም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። መምህሮቻችንም እንድትሞክሩልን በአክብሮት እለምናለሁ፤ እኛን ስንት ጊዜ ፈትናችኋል፣ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። ለጎርጎራው ሥልጠና ስማችሁን የምትሰጡ ደግሞ መዝገቡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው።